ሉድሎ፦ ገበያዋ ያልተፈታ ከተማ

በ1086 እንግሊዝን በጦር የያዘው የኖርማኑ ንጉሥ ዊልያም ጸሐፊዎች አገሩን እየዞሩ ማረሻውን፣ ወፍጮውን፣ ጫካውንና ጭሰኛውን ቆጥረው በመዝገብ አሰፈሩ። ያ መዝገብ ገጽ በገጽ ቢገለጥ ሉድሎ የሚባል ከተማ አይገኝበትም። ዓመታቱ በዚህ ትረካ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በአገሩ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከዌልስ ወሰን አጠገብ፣ ዛሬ ሽሮፕሸር በሚባለው አውራጃ የቲም ወንዝ ከገደል ሥር ተጠማዝዞ የሚያልፍበት አንድ ጉብታ አለ። ጉብታውና በዙሪያው ያለው መሬት ከዊልያም ጋር ባሕር ተሻግሮ ለመጣው ለሌሲ ቤተሰብ በጉልት የተሰጠ ነበር። ጉልቱ ግዴታ ነበረበት። የዌልስ ተዋጊዎች ወሰን አልፈው ሲመጡ መጀመሪያ የሚመክታቸው የሌሲ ቤት ነው።

ስለዚህ ሌሲዎች መዝገቡ በተጠናቀረበት ዘመን አካባቢ በጉብታው ጫፍ ላይ ግንብ መገንባት ጀመሩ። በሁለት ወገን ወንዙና ገደሉ ይጠብቁታል፤ በቀሩት ወገኖች ዓለቱን ፈልፍለው ጥልቅ ቦይ አወጡ፤ ከቦዩ የወጣውን ድንጋይ ለቅጥሩ አዋሉት። ያን ጊዜ አብዛኛው የኖርማን ምሽግ ከአፈር ክምርና ከእንጨት አጥር የተሠራ ስለነበር ከመነሻው በድንጋይ የቆመው የሉድሎ ግንብ በእንግሊዝ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በውስጠኛው ግቢ መካከል በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራች የመግደላዊት ማርያም ጸሎት ቤት አለች። ክብ ናት፤ ጣሪያዋ ከጠፋ ቆይቷል፤ በበሯ ቅስት ላይ የተቀረጸው ጌጥ ግን እስካሁን ጥርት ብሎ ይታያል። በ1139 ንጉሥ ስቴፈን ግንቡን በከበበ ጊዜ ከቅጥሩ ላይ የተወረወረ የብረት መንጠቆ የስኮትላንዱን ልዑል ሄንሪን ከፈረሱ ሊጎትተው ሲል ንጉሡ ራሱ ደርሶ አስጣለው። የዘመኑ ጸሐፊዎች ይህን በአድናቆት መዝግበውታል።

ባላባቱ ግንቡን የሠራው ለጦር ነው፤ ከተማውን የቆረቆረው ግን ለገቢ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከግንቡ በር ተነሥቶ በጉብታው ራስ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚዘረጋ ሰፊ ጎዳና ተከፈተ። ገበያው የሚቆመው እዚያ ላይ ነበር። ከጎዳናው ወደ ደቡብ ሌሎች ቀጥ ያሉ መንገዶች ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረዱ። መሬቱ ፊቱ ጠባብ፣ ወደ ኋላው ረጅም ሆኖ ተሸንሽኖ ሊሰፍር ለመጣ ሁሉ በኪራይ ታደለ። ሁሉም ሰው ፊቱን ወደ ገበያ ማድረግ ይፈልጋልና የእያንዳንዱ ድርሻ ከፊት ጥቂት ክንድ ብቻ ሆነ፤ ጓሮው ግን እስከ ቀጣዩ መንገድ ይዘልቃል። ኪራይ፣ የመደብ ክፍያ፣ ከዕቃ ላይ የሚነሣ ቀረጥና የወፍጮ ድርሻ ሁሉ ለጌታው ይገባ ነበር።

ዛሬ ሉድሎን ለማየት የሚሄድ ሰው ወደ ግንቡ ከመግባቱ በፊት በዚህ ጎዳና ላይ ጊዜ ቢሰጥ እመክራለሁ። የከተማዋ ታሪክ እዚህ እግር ሥር ይነበባል። ሰፊ የነበረው ጎዳና ከግንቡ በር አጠገብ ብቻ አደባባይ ሆኖ ቀርቷል፤ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ትከሻ ለትከሻ ወደሚያጋፉ ጠባብ መተላለፊያዎች ይከፋፈላል። ምክንያቱ ገበያው ራሱ ነው። በገበያ ቀን ብቻ የሚተከል መደብ ነበር፤ ነጋዴው ቆይቶ ማታ ማታ ማንሣቱን ተወ፤ ጣሪያ አለበሰው፤ ተከታዩ ግድግዳ ጨመረበት፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ፎቅ ሠራበት። እንዲህ እየሆነ በጎዳናው መሐል የሱቆች ረድፍ በቀለ፤ በረድፎቹ መካከል የቀረው ክፍተት መንገድ ሆነ። ማንም በዕቅድ ያልሠራው ይህ የከተማዋ ክፍል ለእኔ ከግንቡ ማማዎች ሁሉ ይበልጣል።

በ1233 ከተማዋ ቅጥር እንድትሠራ የንጉሥ ፈቃድ አገኘች። ለሥራው የሚሆነው ገንዘብ ወደ ገበያው ከሚገባው ዕቃ ላይ በሚነሣ ቀረጥ ተሰበሰበ፤ ስለዚህ ለቅጥሩ ድንጋይ የከፈለው ሻጭና ሸማች ነው። ከሰባቱ በሮች ዛሬ ድረስ የቆመው በሰፊው የብሮድ ጎዳና ግርጌ ያለው ነው፤ በላዩ ላይ በኋላ ዘመን ቤት ተሠርቶበታል፤ መኪና በቅስቱ ሥር ያልፋል።

ሀብቱ የመጣው ከበግ ነው። በድንበሩ ኮረብቶች ላይ የሚግጡት በጎች ጠጉራቸው ለስላሳና ጥሩ ስለነበር በባሕር ማዶ ያሉ ሸማኔዎች ይሻሙበት ነበር። ከዚህ ንግድ ሎረንስ የተባለውን የሉድሎ ነጋዴ ያህል የከበረ አልነበረም። አባቱም የበግ ጠጉር ነጋዴ ነበር፤ ሎረንስ ግን በእንግሊዝ ከታወቁት ጠጉር ነጋዴዎች አንዱ ሆነ፤ ለባላባቶችና ለንጉሡ ገንዘብ እስከማበደር ደረሰ። በ1280ዎቹ መጀመሪያ ከከተማዋ ወደ ሰሜን ምዕራብ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን የስቶክሴይ ርስት ያዘና ለራሱ ቤት ሠራ። በ1291 ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ቤቱን በቅጥር እንዲያጠናክር ፈቀደለት።

ስቶክሴይ ለሉድሎ ጎብኚ ሊታለፍ የማይገባ ቦታ ነው። ግንብ ይባላል እንጂ የጦር ሰው ሥራ አይደለም። ወደ ውጭ የሚያዩት የአዳራሹ መስኮቶች ረጃጅምና ሰፋፊ ናቸው፤ ጠላት የሚፈራ ሰው እንዲህ ያለ መስኮት አያወጣም። ማማው፣ ቦዩና ቅጥሩ ነጋዴው ከባላባቶች ተርታ መቆሙን እንዲያሳዩለት የተሠሩ ይመስለኛል። አዳራሹ ውስጥ ሲገቡ ወለሉ መሐል የእሳቱ ምድጃ አለ፤ ከላይ የዛፍ ግንድ ያህል ወፋፍራም ጠንካራ እንጨቶች ጣሪያውን ተሸክመዋል። ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ይህን ያህል ሳይነካ የቆየ የነጋዴ ቤት በእንግሊዝ ብዙ አይገኝም። ባለቤቱ ግን ብዙ አልኖረበትም። በ1294 ንጉሡ ከፈረንሳይ ጋር ለገጠመው ጦርነት ገንዘብ ሲፈልግ ወደ ውጭ በሚላክ ጠጉር ላይ ከባድ ቀረጥ ተጣለ፤ ሎረንስ በዚህ ሥራ የንጉሡ ረዳት ነበር። በዚያው ዓመት ጠጉር የጫነችው መርከብ ባሕር ላይ ሰጠመች፤ እሱም አብሮ ሰጠመ። ቀረጡን ነጋዴዎቹ ለጠጉር አምራቹ የሚከፍሉትን ዋጋ በመቀነስ ስለሚያካክሱት የባለበጎቹ ምሬት ብርቱ ነበር። አንድ የገዳም ጸሐፊ የሎረንስን ሞት በጠጉር ሻጮች ላይ ለሠራው ኃጢአት የመጣ ቅጣት አድርጎ ጽፎታል።

በዚያው ክፍለ ዘመን የሉድሎ ነጋዴዎች የተሳላሚዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ ደንቡ በ1284 ተጽፏል። ኢየሩሳሌም ደርሶ የተመለሰ ተሳላሚ ዘንባባ ይዞ ይመጣልና የማኅበሩ የእንግሊዝኛ ስም ከዘንባባው የወጣ ነው። አባላቱ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ማኅበሩ ካህናት ቀጥሮ ለሕያዋንና ለሙታን ነፍስ ያስጸልያል፤ የተቸገረ አባል ይረዳል፤ ለድሆች መጠለያና ለልጆች ትምህርት ቤት ያቆማል። ከሩቅ አውራጃ ሳይቀር አባል መጣለት፤ በስጦታና በኑዛዜ ብዙ ቤት አፈራ። ማኅበሩ የሚወደው አፈ ታሪክ በቅዱስ ሎረንስ ቤተ ክርስቲያን መስኮት ላይ በቀለም መስታወት ተሥሏል። ንጉሥ ኤድዋርድ ጻድቁ ለአንድ ለማኝ ቀለበቱን ሰጠ፤ ለማኙ ወንጌላዊው ዮሐንስ ነበር፤ በኋላ ዮሐንስ በቅድስት አገር ለተገናኙት ሁለት ተሳላሚዎች ቀለበቱን መልሶ ንጉሡ በቅርቡ ወደ ሰማይ እንደሚጠራ ነገራቸው። የሉድሎ ሰዎች ተሳላሚዎቹ የእኛው አገር ልጆች ናቸው ይላሉ። ጻድቁ ኤድዋርድ ያረፈው በ1066 መጀመሪያ፣ ሉድሎ ሳትቆረቆር ስለሆነ ታሪኩ ከዘመን ጋር አይገጥምም። መስታወቱ ግን ያ ማኅበር ስለ ራሱ ምን እንደሚያምን ይናገራል፤ ስለዚህ ቆሞ ማየት ይገባል።

የግንቡ ጌቶች በዚህ መካከል ተለዋውጠዋል። በ1301 ሮጀር ሞርቲመር የሉድሎን ወራሽ ጆአንን አገባና ግንቡ ወደ እሱ ቤት ዞረ። ሞርቲመር በንጉሥ ኤድዋርድ ዳግማዊ ላይ ዐምፆ በለንደን ግንብ ታሰረ፤ በ1323 አመለጠ። ያመለጠበት ቀን ሐዋርያው ጴጥሮስ ከእስር የተፈታበት በዓል ስለነበር በሉድሎ ግንብ ግቢ ውስጥ በጴጥሮስ ስም ጸሎት ቤት አሠራ። ከንግሥቲቱ ጋር ሆኖ ንጉሡን ከዙፋን አወረደ፤ ሦስት ዓመት ያህል አገሩን በእጁ አድርጎ ገዛ፤ በ1330 ተሰቀለ።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጨርቅ ሥራው ደራ። በቲም ዳር የተተከሉት ወፍጮዎች እህል የሚፈጩ ብቻ ሳይሆኑ የተሸመነውን ሱፍ በውሃ እየወቀጡ የሚያጠብቁ ነበሩ። ከ1430ዎቹ ጀምሮ ለአርባ ዓመት ያህል ከተማዋ ቤተ ክርስቲያኗን እንደገና ገነባች። የሽሮፕሸር ትልቁ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ይህ ነው፤ ማማው ከሩቅ ኮረብቶች ላይ ሆኖ ይታያል። ውስጡ ከገቡ የዘማሪዎቹን መቀመጫ ሳያዩ አይውጡ። መቀመጫው ወደ ላይ ሲታጠፍ ከሥሩ የእንጨት ቅርጽ ይወጣል። አንደኛው ላይ በሐሰት መስፈሪያ ቢራ ስትሸጥ የኖረች ጠማቂ አለች፤ ሰይጣን ተሸክሞ ወደ ሲኦል አፍ ይወስዳታል፤ መስፈሪያዋ ከእሷ ጋር ነው፤ አንዱ ጋኔን የኃጢአቷን ዝርዝር ያነባል፤ ሌላው የአቅማዳ ዋሽንት ይነፋላታል። ጠራቢው ለካህናቱ መቀመጫ ሲሠራ ልቡ ገበያ ውስጥ ነበር።

የሞርቲመር ዘር በ1425 በወንድ በኩል ሲቋረጥ ርስቱ ለዮርኩ መስፍን ለሪቻርድ ደረሰ። ሪቻርድ ዙፋኑን ከላንካስተር ቤት ጋር በተሻማ ጊዜ ሉድሎ የጦሩ መናኸሪያ ሆነች፤ ዋጋውንም ከፈለች። በጥቅምት 1459 የንጉሡ ጦር በሉድፎርድ ድልድይ ማዶ ሰፈረ። ከካሌ የመጡት የሪቻርድ ምርጥ ወታደሮች ንጉሡ ራሱ በቆመበት ላይ አንዋጋም ብለው በሌሊት ከዱ። መስፍኑና ጌቶቹ ጦራቸውን ጥለው በጨለማ ሸሹ። ማለዳ ላይ ግን ሸሽቶ የሚያመልጥበት የሌለው ሕዝብ እዚያው ነበር። የንጉሡ ወታደሮች የወይን በርሜሎቹን ሰብረው ጠጥተው ሰከሩ፤ ሱቅና ቤት ዘረፉ፤ አልጋና ልብስ ሳይቀር ወሰዱ። የመስፍኑ ሚስት ሲሲሊ ከትንንሽ ልጆቿ ጋር እዚያው ተያዘች። መስፍኑም በሚቀጥለው ዓመት በጦር ሜዳ ሞተ። የ18 ዓመት ልጁ ኤድዋርድ ግን በየካቲት 1461 ከሉድሎ በስተደቡብ ምዕራብ በሞርቲመር ክሮስ ድል አድርጎ ነገሠ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለሉድሎ ራሷን እንድታስተዳድር የሚፈቅድ ቻርተር ሰጣት። የተዘረፈች ከተማ ከልጅነት ጌታዋ ያገኘችው ካሳ አድርጌ አየዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ትውልድ የእንግሊዝ ሐዘን በሉድሎ በኩል አለፈ። ኤድዋርድ አልጋ ወራሹን በ1473 ገና የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ወደ ሉድሎ ላከው፤ በስሙ ዌልስንና ድንበሩን የሚያስተዳድር ሸንጎ ተቋቋመ። ልጁ በዚያ አደገ። በሚያዝያ 1483 የአባቱ ሞት መርዶ እዚያው ደረሰው፤ የ12 ዓመት ንጉሥ ሆኖ ወደ ለንደን ጉዞ ጀመረ፤ በመንገድ አጎቱ ሪቻርድ ያዘው፤ ከታናሽ ወንድሙ ጋር በለንደን ግንብ ውስጥ ገብቶ ከዚያ በኋላ አልታየም። በ1501 ማብቂያ ላይ ደግሞ የንጉሥ ሄንሪ ሰባተኛ የመጀመሪያ ልጅ አርተር የስፔኗን ልዕልት ካተሪንን አግብቶ ወደ ሉድሎ መጣ። ሁለቱም ታመሙ፤ ካተሪን ዳነች፤ አርተር ሚያዝያ 2 ቀን 1502 በ15 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑ በዉስተር ተቀበረ፤ ልቡ በቅዱስ ሎረንስ ቤተ ክርስቲያን እንዳረፈ ይነገራል።

ይህ ሞት ከአንድ ቤተሰብ ሐዘን በላይ ሄደ። ዙፋኑ ለታናሽ ወንድሙ ለሄንሪ ስምንተኛ ደረሰ፤ እሱም ካተሪንን አገባ። ወንድ ወራሽ ሲያጣ የወንድሜ ሚስት ነበረችና ጋብቻው ይፍረስልኝ አለ፤ የሮማው ጳጳስ እምቢ ሲለው እንግሊዝ ከሮማ ተለየች። ገዳማት ተዘጉ፤ ቀጥሎ በልጁ ዘመን ለነፍስ የሚያስጸልዩ ማኅበራት ተከለከሉ። በ1551 የሉድሎ ተሳላሚዎች ማኅበር ፈረሰ፤ ንብረቱ በማግስቱ ዓመት ትምህርት ቤቱንና የድሆች መጠለያውን እንድታስተዳድር ግዴታ ተጥሎባት ለከተማዋ ተሰጠ። በግንቡ ክፍል ውስጥ የሞተው ወጣት ታሪክ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ዞሮ የነጋዴዎቹን ማኅበር አጠፋ።

ያ ለልጅ ንጉሥ ተብሎ የተቋቋመው ሸንጎ ግን አደገ፤ ለዌልስና ለድንበር አውራጃዎች ትልቅ ፍርድ ቤት ሆነ። ችሎት ሲቀመጥ ባለጉዳይ፣ ጠበቃና ጸሐፊ ከተማዋን ይሞላል፤ ሁሉም ይበላል፣ ያድራል፣ ፈረሱን ያስቀልባል። ከጨርቅ ንግድ የቀነሰውን ይህ ተካው። በ1619 ሪስ ጆንስ የተባለ የሕግ ሰው የሠራው ቤት ዛሬ ፌዘርስ ሆቴል ነው። ፊቱ በእንጨት ማገር ተጠላልፎ፣ ክፍተቱ ተመርጎ፣ ሰገነቱና መስኮቱ ሁሉ ተጠርቦ እንደ ጥልፍ ያጌጠ ነው። መስከረም 29 ቀን 1634 ደግሞ በግንቡ ትልቅ አዳራሽ የባለቅኔው የጆን ሚልተን ኮመስ የተባለው ድራማ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ለሸንጎው አዲስ ፕሬዚዳንት ለብሪጅዎተሩ ኧርል ክብር የተዘጋጀ ሲሆን ሦስት ልጆቹ፣ የ15 ዓመቷ አሊስና ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿ፣ ራሳቸው ተጫወቱበት። አሥር ዓመት ሳይሞላ አገሩ እርስ በርስ መዋጋት ጀመረ፤ ሉድሎ ከንጉሡ ወገን ቆማ በ1646 ለፓርላማው ጦር እጅ ሰጠች። ሸንጎው በ1689 ተሻረ፤ ባለቤት ያጣው ግንብ የጣሪያው እርሳስ ተገፈፈ፤ ግድግዳው በሐረግ ተዋጠ።

መንግሥት ጥሏት የሄደ ከተማ ብዙ ጊዜ ጠፍ ይሆናል። ሉድሎ አልሆነችም፤ ከዙሪያዋ ያለው ገጠር ገበያ ያስፈልገዋልና። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውራጃው ባለርስቶች ክረምቱን የሚያሳልፉባቸውን የጡብ ቤቶች በብሮድ ጎዳና ላይ አሰለፉ፤ ብዙዎቹ ፊታቸው ጡብ ነው፣ ውስጣቸው የቆየው እንጨት። በ1740ዎቹ ከጎዳናው ራስ ላይ «በተርክሮስ» የተባለው ሕንፃ ተሠራ፤ ከምድር ቤቱ ቅስቶች ሥር የገጠር ሴቶች ቅቤ ይሸጡ ነበር፤ ከላይ የድሃ ልጆች ይማሩ ነበር። የጓንት ስፌት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን አስተዳደረ፤ ከናፖሊዮን ጦርነት በኋላ ተዳከመ። ከዚያው ጦርነት ጋር በተያያዘ የናፖሊዮን ወንድም ሉሲያን ቦናፓርት በ1811 በግንቡ አጠገብ በዲነም ቤት በግዞት ተቀምጧል።

በ1830ዎቹ ሮድሪክ መርቺሰን የተባለ የምድር ተመራማሪ የአካባቢውን ዓለት እየተከተለ ዞረ። በሉድፎርድ መንገድ ዳር ከተቆረጠው ዓለት ውስጥ የባሕር ቀንድ አውጣ፣ ዛጎልና የጥንት ዓሣ አጥንት የያዘ ስስ ንጣፍ ወጣ። ይህን የምድር ዘመን ሲሉሪያን ብሎ ሰየመው፤ በ1839 ስለ እሱ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ ከክፍሎቹ አንዱ ሉድሎ ይባላል። ዛሬ በየትኛውም አገር የ425 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው ዓለት ሲገኝ ሳይንቲስቶች በዚህች ከተማ ስም ይጠሩታል። ሉድሎ የተባለው ክፍል መነሻ የሚለካበት ቦታም ከከተማዋ ጥቂት ራቅ ብሎ በሞርቲመር ደን ውስጥ ያለ አሮጌ የድንጋይ ቁፋሮ ነው። ከግንቡ ሥር በዲነም ድልድይ ተሻግሮ በዊትክሊፍ ገደል ላይ የሚሄድ ሰው እግሩ የሚያርፈው በዚያ ዘመን በነበረ ባሕር ወለል ላይ ነው፤ ከዚያ ላይ ከተማዋ፣ ማማውና በስተምሥራቅ 533 ሜትር ከፍታ ያለው የቲተርስቶን ክሊ ተራራ በአንድ ዓይን ይገባሉ።

ባቡር በ1852 ደረሰ። በ1896 ኤ. ኢ. ሃውስማን የሽሮፕሸር ልጅ የተባለውን የግጥም መድበል አሳተመና ሉድሎን ከቶ ላላዩዋት አንባቢዎች ሁሉ አስተዋወቀ፤ እሱ ራሱ የተወለደው በጎረቤት አውራጃ ሲሆን በ1936 ሲሞት አመዱ በቅዱስ ሎረንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አጠገብ ተቀበረ። በ1880ዎቹ መጨረሻ በአደባባዩ መሐል ትልቅ የጡብ የገበያ አዳራሽ ተሠርቶ ገበያተኛውን አንድ ክፍለ ዘመን ያህል አስጠለለ። በ1986 ፈረሰ። ብዙ የእንግሊዝ ከተሞች በእነዚያ ዓመታት ባዶ የቀረውን ቦታ ለመኪና ማቆሚያ ሰጡ። ሉድሎ ድንኳኖቹን መልሳ በአደባባዩ ላይ ተከለች፤ የወሰደችው ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ገበያው አሁን ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ይቆማል። ከክሊ ኮረብቶችና ከኮርቭ ሸለቆ የሚመጣው የበግ ሥጋ፣ አይብ፣ ፖምና ዳቦ በ1990ዎቹ ሉድሎን ለምግቧ የምትፈለግ ከተማ አደረጋት። በ1995 የመጀመሪያው የምግብ ፌስቲቫል ተካሄደ፤ በየዓመቱ በመስከረም ይደገማል። ድንኳኖቹ አደባባዩን ሞልተው ስለሚተርፉ በእነዚያ ቀናት በግንቡ በር አልፈው ወደ ውጨኛው ግቢ ይገባሉ፤ ሥጋ ሻጩ፣ ጋጋሪውና ጠማቂው ሞርቲመር ለጴጥሮስ ካሠራው ጸሎት ቤት ፍርስራሽ አጠገብ መደባቸውን ዘርግተው ይሸጣሉ።